የጓሮው ግዝት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አማቴ፣ ለእማሆይ
ደረስጌ ማርያም

እንደምን ከረሙ፣ እማሆይ? ክረምቱስ በእናንተ በኩል እንዴት አለፈ? ጉልበትዎ ለቅዳሴ ይቆምልዎታል ወይስ አሁንም ግንቡን ተደግፈው ነው የሚያስቀድሱት? አምና «የጎጆዬ ክዳን ያፈሳል» ብለው ልከውልኝ ነበር፤ ተጠገነ ወይ? እኛ ተመስገን፣ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለን የለም። ሕሊና ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ጫማ የመጨረስ ነገር ግን ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ በሦስት ወር አንድ ትጨርሳለች። ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ «እማሆይን ጉልበታቸውን ስማለች ብለሽ ጻፊልኝ፤ እንዳትረሺ» ብላኛለች።

አስቀድሜ ይህን ለሚያነብልዎት ዲያቆን አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀስ ብለህ አንብብላቸው፤ ጆሯቸው በግራ በኩል ይሻላል። ደጅ ላይ ሰው ካለ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። የያዝኩት ጉዳይ የድንችና የጎመን ነው፤ ግን የድንችና የጎመን ወሬም ቢሆን ከበቅሎ ይፈጥናል።

እማሆይ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል የሦስተኛ ሰው አፍ ስላለ አንዳንዱን ነገር ጠቅልዬ እጽፋለሁ። እርስዎ መፍታቱን ያውቁበታል።

ዋናውን ግን ሳልሸፋፍን ልናገር። ጓሮው ተቆፍሯል። በግንቦትና በሰኔ ተዘርቶ በመስከረም ተሰብስቧል፤ አዝመራውም ያማረ ነው። ግዝትዎም ተሰብሯል።

ያሉኝን አልረሳሁም። ነገሬን ሁሉ የምጽፍባት ማስታወሻ ደብተር እንዳለችኝ ያውቃሉ፤ «ምን ትጭሪያለሽ ዘወትር» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በ1999 ግንቦት፣ የልጅዎን የፀጋውን ሙት ዓመት ባወጣን በሳምንቱ፣ ቆብዎን ደፍተው በቅሎ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ጓሮው በር ላይ ቆመው የተናገሩት ቃል በቃል ተጽፏል። «ይህን ጓሮ ከልጄ በኋላ የሌላ ወንድ ዶማ እንዳይነካው በማርያም ገዝቼሻለሁ። አንቺ ከቻልሽ በእጅሽ ቆፍሪ፤ ካልቻልሽ ጦሙን ይደር» ነው ያሉኝ። ፀጋው የጀመረውን የውኃ ጉድጓድ በሳንቃ ከድነው፣ በሳንቃው ላይ አሮጌውን የወፍጮ ድንጋይ በራስዎ እጅ አንከባለው ጫኑበት። ልርዳዎት ስል እጄን ገፉኝ።

በዚያን ቀን በአፍዎ ያልተናገሩት ነገርም በፊትዎ ላይ ነበር። «ጉድጓዱን ያስቆፈርሽው አንቺ ነሽ፤ ብርዱ የመታው እዚያ ውስጥ ነው» ይል ነበር ፊትዎ። አሁን ልመልስልዎት። ልክ ነዎት፣ እማሆይ። «ከፋሲካ በፊት ውኃ ካላገኘን የቱሪስት ካምፕ አብሳዮቹ አትክልት ከሌላ ሰው ይይዛሉ» እያልኩ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ። እሱ «ቀስ ብዬ ነው» ይል ነበር። ብርድ ከመታው በኋላ በአልጋ ላይ የቆየው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ ለሰው አልተነፈስኩም፤ በማስታወሻዬም አልጻፍኩትም። ዛሬ ለእርስዎ ጻፍኩት። ቢቆጡኝ ይገባኛል።

እንግዲህ ጓሮው ፀጋው ካረፈ ጀምሮ ሦስት ክረምት ጦሙን አደረ። ሰርዶው እስከ ጉልበት ደረሰ። አምና የጎረቤታችን የበለጠች በግ ጠፍታ ሰፈሩ ሁለት ቀን ሲፈልጋት ከእኛ ጓሮ ወፍራ ወጣች። እኔም በሱቄ በርበሬና ጨው፣ ምስርና ዘይት እየሸጥኩ፣ አትክልት ከገበያ እየገዛሁ ለካምፕ አብሳዮች ማቅረቤን ቀጠልኩ። ባለፈው ግንቦት ላይ አንድ አብሳይ ከጎንደር የመጣውን ጥቅል ጎመን አንስቶ አየና «እትዬ፣ ይህ ጎመን ከእኔ በላይ ደክሞታል፤ ተራራው ላይ ጨነቅ ካምፕ ድረስ እንዴት አድርጎ ይወጣል?» አለኝ። ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ሰርዶውን በመስኮት ሳየው አልሳቅሁም። ነጋዴ ባዶ መደርደሪያ አይቶ አይተኛም። ግዝቱ ለእኔ እጅ ፈቅዷልና በማግስቱ ዶማ ይዤ ወጣሁ።

ለሰርዶ ሥር የእኔ ወገብ አልሆነም። በሳምንት ሁለት መደብ አወጣሁ፤ መዳፌም ውኃ ቋጠረ። በዚህ መካከል ፍግ አስፈለገኝና ከሰፈራችን በታች በቅሎዎቹን የሚያውለውን አንድ በቅሎ አከራይ ጠየቅሁት። ከወደ ጨነቅ የመጣ ሰው ነው። በጋውን ለቱሪስት ዕቃ ያጓጉዛል፤ ክረምት ሥራ ሲጠፋ ደባርቅ ይከርማል። ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የለውም። ከሱቄ ጨውና ክብሪት ይገዛ ነበር፤ በዋጋ ስለማይከራከር መጀመሪያ ሞኝ መስሎኝ ነበር።

አራት ጆንያ ፍግ ጭኖ አመጣና ሲያራግፍ የእኔን ቁፋሮ አየ። ዶማውን ከእጄ ወስዶ አነሳ። «ተው፣ በዚህ ጓሮ ላይ የአማቴ ግዝት አለ» አልኩትና ነገሩን ነገርኩት። ዶማውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

በማግስቱ ግን መጣና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። «ግዝቱ በዶማ ነው እንጂ በምላስ አይደለም አይደል?» አለኝ። «ምላስ አልተጠቀሰም» አልኩት። «እንግዲያው ስሪ፤ እኔ እናገራለሁ» አለና ክንዱን አጥሩ ላይ አሳርፎ ጀመረ። «ዶማውን በክንድሽ አታንሺው፤ በክብደቱ ይውደቅ። ሰርዶውን አትቁረጪው፤ ከተቆረጠ አንዱ አሥር ይሆናል፤ ሥሩን ተከትለሽ ምዘዢው» ይለኛል። እንዲህ እያለ ሰኔን ሙሉ ከአጥር ውጭ አሠራኝ። በለጠች በዚያ ስታልፍ «አጥር ተደግፎ የሚያርስ ገበሬ ዘንድሮ አየሁ» ትለው ነበር። እሱም «እኔ በሬ ነኝ፤ ቀንበሬ ከውጭ ቀርቶ ነው» ይላታል።

አንዱን ምክሩን ግን አልሰማሁትም፤ የዚህ አዝመራ ስሕተቴ እሱ ነው። «የበቅሎ ፍጉ ገና ትኩስ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር ተቆልሎ ይክረም» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ «የእኔ ደንበኛ ሦስት ወር አይጠብቅም» ብዬ እንዳለ በተንኩት። በቅሎ እህል በልታ ግማሹን ሳታላምጥ እንደምትጥለው ማን ነግሮኝ። ካሮቱን ዘርቼ በሁለተኛው ሳምንት ወጥቼ ሳይ መደቡ በሙሉ ለምልሟል። ደስ አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ገብስ ነው። በለጠች ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። «ካሮት ዘርቻለሁ አላልሽም? ይኸው ጠላ ልትጠምቂልን ነው» አለችኝ። ገብሱን አንድ በአንድ ስነቅል አምስት ቀን ፈጀብኝ። ካሮቱም የትኩስ ፍግ ነገር አልሆነለትም፤ ሲነቀል ሥሩ ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወጣ። ሕሊና ሱሪ የለበሱ ሰዎች ናቸው ብላ በግድግዳው ጥግ አሰልፋ ስም አወጣችላቸው። አንዱን የሒሳብ አስተማሪዬ ነው አለችው። የካምፑ አብሳይም አይቶ «እግር ካላቸው በራሳቸው ወደ ጨነቅ ይውጡ፤ በቅሎ ምን ይሠራላቸዋል» ብሎ እየሳቀ ገዛቸው።

አሁን ወደ ግዝቱ ልመለስ። በማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ሐምሌ 22። ዳባት ገበያ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ። ድንቹ ተርፏል። ግዝቱ አልተረፈም።»

የሆነውን የነገረችኝ ሕሊና ናት። ከላይ ካለው መንገድ የወረደው ጎርፍ የላይኛውን አጥር ጥሶ ወደ ድንቹ ዞረ። ብቻዋን ነበረች፤ ጮኸች። በቅሎ አከራዩ በቅሎዎቹን ሊያስገባ ሲያልፍ ሰምቶ ሮጠና እንደ ልማዱ አጥሩ ጋ ቆመ። «እናትሽ የት አለች?» አላት። «ዳባት» አለችው። ጎርፉን አየ፤ አንድ ጊዜ አማተበና አጥሩን ዘሎ ገባ። በዚያ ዝናብ ከድንቹ በላይ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ታችኛው ፈፋ መለሰው። ስደርስ ጭቃ ለብሶ፣ ከባርኔጣው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ተመልሶ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። «ለምን እዚያ ቆምክ?» አልኩት። «ውኃው ቆመ፤ የእኔም ሥራ ቆመ። ግዝቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አልነበርሽም። ለእማሆይ ስትናገሪ እንዲህ ብለሽ ተናገሪ» አለኝ።

እንዲህ ብዬ ብተወው ቀላል ነበር፣ እማሆይ። ለጎርፍ ማን ይፈርዳል? ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ጎርፍ አላመጣውም። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የጓሮውን በር ከፍቼ «ና ግባ፤ ድንቹን አፈር እናስታቅፈው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜም አዎ አልኩት። ተቻኩዬ አይደለም፤ ሌሊቱን አስቤበት ያደረግሁት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ከእሱ ላይ አንስተው እኔ ላይ ያድርጉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ክረምት ያለፈበት አልታወቀኝም። ድንቹን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን ኮተኮትን፤ በአጥሩ ዙሪያ የዘራሁት ባቄላ በጳጉሜ እሸት ሆነ። እሸቱን መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን አደረስኩ፤ ቀጥሎ ለጎረቤት አቀመስኩ፤ ከዚያ ነው ቤታችን የገባው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አላዛነፍኩም። ድንቹን ያወጣነው ከመስቀል ማግስት ነው። ምድሩ ገና እርጥብ ስለነበር ዶማው ሲገባ ድንቹ ታጥቦ እንደወጣ ሁሉ ያበራ ነበር። ሕሊና ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳትጥል እየለቀመች እስኪጨልም ዋለች። በማስታወሻዬ ላይ የዚያ ቀን ጽሑፍ አጭር ነው፦ «አሥራ አንድ ጆንያ። ሁላችንም ጥርሳችን ሳይከደን ዋልን።»

ነጋዴ ነኝና ትልልቁን ድንች ለሽያጭ፣ ጥቃቅኑን ለዘር ስለይ አየኝ። «ምን ማድረግሽ ነው?» አለኝ። «ትልቁ ይሸጣል» አልኩት። «ትልቁን እየሸጥሽ ትንሹን ከዘራሽ በአራት ዓመት ጠጠር ታወጪያለሽ። ከጤነኛው ተክል እንቁላል እንቁላል የሚያህለውን ለዘር አስቀሪ» አለኝ። እሰጥ አገባ ገጠምን። ሕሊና መካከል ገብታ «እናቴ፣ የካሮቱንስ ማን አሸነፈ?» አለች። ተረታሁ። የዘሩ ድንች አሁን ቆጡ ላይ፣ ብርሃን ትንሽ ትንሽ በሚገባበት፣ ተሰጥቶ ተቀምጧል፤ ዓይን እያወጣ ነው።

ደስ የሚልዎትን አንድ ነገር ልጨምር። ከታችኛው ጥግ፣ ሰርዶውን ስመነጥር፣ እርስዎ ከመሄድዎ በፊት የነበረው ነጭ ሽንኩርት በጭብጥ በጭብጥ ሆኖ በራሱ ሲበቅል አገኘሁት። ሦስት ዓመት ማንም ሳይነካው በሣሩ መካከል ኖሯል። ራሱ ትንሽ ነው፤ ሽታው ግን ያው ነው፤ ቤቱን በሙሉ ያዘው። አድርቄ ለዘር አንጠልጥዬዋለሁ።

ወሬም አልጠፋም። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ባለፈው ሳምንት በለጠች ሱቅ መጥታ ጨው እየመዘንኩላት «የዚያ ሰው በቅሎዎች መንገዱን ለመዱት፤ ጌታቸውን ትተው ብቻቸውን እናንተ በር ላይ ይቆማሉ» አለችኝ። «ጎመን ስለሚሸታቸው ነው» አልኳት። «እሱስ ምን ሸቶት ነው?» አለችኝ። ጨውን አትርፌ ጨመርኩላት። በዚያ ቀን ነው ዝም ማለቱ እንደማያዋጣ የገባኝ።

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ሀብተ ሚካኤል ሄድኩ። ግዝቱን፣ ጎርፉን፣ በሩን እንደከፈትኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኳቸው። መስቀላቸውን አገላበጡና «ያሰሩሽ አማትሽ ናቸው፤ በሕይወትም አሉ። እሳቸው ሳይሰሙ እኔ ብፈታሽ በሰው በር ገብቼ የሰው ከብት እንደመፍታት ነው። ደረስጌ ላኪ» አሉኝ። ልነሳ ስል መለስ አድርገው «ልጄ፣ የምትጠይቂው ስለ ዶማው ብቻ ነው?» አሉኝ። «ስለ ዶማው ነው፣ አባ» አልኳቸው። ፈገግ አሉና «ደግ፤ እንግዲያው ስለ ዶማው ጻፊ። እማሆይ የዋሉበትን ያውቃሉ፤ ሌላውን ራሳቸው ያነቡታል» ብለው ባረኩኝ።

በዚያን ቀን በቅሎ አከራዩን «ከደረስጌ ቃል እስኪመጣ ዶማህን ስቀል» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሰቀለ። የቀረውን ከሕሊና ጋር በእጃችን ሠራነው። ለበጋው ስድስት መደብ ተዘጋጅቷል። ዘንድሮ ፍጉን ሦስት ወር አከርሜ፣ እስኪጠቁርና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቄ፣ ከአመድ ጋር ነው የቀላቀልኩት። ሁለቱ መደብ ለነጭ ሽንኩርት፣ ሁለቱ ለጥቅል ጎመን ነው፤ ችግኙ አምስት ቅጠል አውጥቶ ለመዛወር ደርሷል። አንዱ ለቆስጣና ለሰላጣ ነው። የቀረውን ካሮት አደርገዋለሁ፤ ሱሪውን አውልቆ እንደሆነ እናያለን።

ችግሩ ውኃ ነው። መሬቱ እስከ ኅዳር አጋማሽ እርጥበት ይይዛል። ከዚያ በኋላ፣ ቱሪስቱ በብዛት ሲመጣ፣ አብሳዮቹ በየቀኑ በሬን ሲያንኳኩ፣ ችግኙ ይደርቃል። ከቦኖ ውኃ በጀሪካን አመላልሼ ስድስት መደብ እንደማላጠጣ እርስዎም ያውቃሉ። ያለው ጉድጓዱ ነው። ፀጋው ሰባት ክንድ አውርዶታል፤ ከታች አፈሩ ረጥቦ እንደነበር በመጨረሻው ቀን ነግሮኛል፤ ሦስት ወይም አራት ክንድ ነው የቀረው።

ጉድጓዱን ግን ማንም አልነካውም። ይህን በማርያም ስም እነግርዎታለሁ፤ ያስቀመጡት የወፍጮ ድንጋይ ከቦታው ጣት አላለፈም። በቅሎ አከራዩ ጓሮ በገባ ሰሞን «ይህ ድንጋይ ምን ያደርጋል?» ብሎኝ ነበር። ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ተሸክሞም ቢሆን በድንጋዩ አጠገብ አያልፍም፤ ጓሮውን ዞሮ በሩቁ ነው የሚሄደው። አላዘዝኩትም። አንድ ቀን ሕሊና «ለምን ትዞራለህ?» ብትለው «ሰው የጀመረውን ሥራ ዘልዬ አላልፍም» አላት። ልጅቱ ያን ማታ እራት ላይ ስለ አባቷ ጠየቀችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። እስክትተኛ ድረስ አወራኋት፤ ስናወራም አላለቀስንም፤ እየሳቅን ነበር። በመጨረሻ «አባዬ የቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ቢያወጣ ደስ አይለውም?» አለችኝ። «ይህን እማሆይን እንድጠይቅልሽ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብላት አዎ አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁላት።

የምለምንዎት አንድ ቃል ነው፣ እማሆይ። «ይፍታሽ» ይበሉኝ። የልጅዎን ጉድጓድ ሌላ እጅ ጨርሶ ውኃ ያውጣበት። ቃሉን ሲናገሩም ጠባብ አድርገው አይናገሩት፤ ከቻሉ ሰፋ አድርገው ይናገሩት። አባ ሀብተ ሚካኤል እንዳሉት እኔ የጻፍኩት ስለ ዶማው ነው።

እምቢ ካሉኝ አልቀየምም። ችግኙን ለበለጠች እሰጣታለሁ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ በእጄ እተክላለሁ፤ የተሰቀለውም ዶማ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እምቢ ያለኝን ገበያተኛ ሁለተኛ ለምኜ አላውቅም፤ እርስዎን ግን ሦስትና አራት ጊዜ ለመለመን አላፍርም። ቤቱ የእርስዎ ነው። የውስጠኛው ክፍልዎ እንደተውት ነው፤ እህል ሞልቶ ሲተርፈኝ እንኳ ጆንያ አላስገባሁበትም። ለኅዳር ማርያም ማግስት እግርዎ ከቻለ መጥተው ጓሮውን በዓይንዎ ይዩልኝ።

ጊዜው ጽጌ ጾም ነውና ለአፍዎ የሚሆን ልኬልዎታለሁ። በአንደኛው ጆንያ ድንች አለ፤ በሁለተኛው አራት ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር። በትንሿ ስልቻ ያለው ደረቅ ባቄላ ነው፤ እሸቱ መንገድ ስለማይችል አደረቅሁት። ለሚያነብልዎትም ዲያቆን ከጎመኑ አንዱን ይስጡልኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ደብዳቤና ጆንያውን ይዞ የመጣውን ሰው አይተውታል። ስሙ ያርጋል ይባላል። ደብዳቤውን ሰጥቶ ቶሎ ወጥቶ በቅሎዎቹን ውኃ እንዲያጠጣ የነገርኩት ይህ ሲነበብ አጠገብዎ እንዳይሆን ነው። በውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ «ስለ ድንች ነው» ብዬዋለሁ። ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዟልና እባክዎ የሚቀመስ ይስጡት፤ ወንበር ቢሰጡት አይቀመጥም፣ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አይዘኑበት። አስቀምጠው ያነጋግሩት። የፈለጉትን ይጠይቁት፤ ውሸት አይሆንለትም፤ ለንግድ አይበጅም ነበር። መልስዎን በወረቀት አያስጽፉት፤ ለእሱ በአፍዎ ይንገሩት። የሚሉት ምንም ቢሆን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርስልኛል።

ማርያም ጉልበትዎን ታጽናልዎት፤ ዓይንዎን ከብርሃን አትለይብዎት። በቆሙበት ቅዳሴ፣ በሰገዱበት ሌሊት ፀጋውን ያስቡልኝ፤ ከእሱ ቀጥሎ ቦታ ከተረፈ እኔንም። ምራት የሚያደርገው ባል ነው፤ ልጅ የምታደርገው ግን እናት ናት፤ ይህን ሲያስቡ ይቅናኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣

ከፈቀዱልኝ፣ ልጅዎ